እስከ አሲዱ ድረስ

ሳይጠየቅ የሚያስረዳ ሰው የሌለበት ሕንጻ የለም፤ ካለም ገና አልተከራየም ማለት ነው።

የእኛው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ናቸው። «ነገሩን ከሥሩ እንየው» ሳይሉ አፋቸው ስለማይፈታ፣ ክቡር ጋሽ ከሥሩ እንላቸዋለን። ቧንቧ ሊጠግን የመጣ ሰው ስለ ኩላሊት አሠራር ማብራሪያው ሲጀመርለት፣ ቧንቧውን እንዳንጠባጠበ ትቶት ሄዷል። ቁም ሣጥን የተሸከሙ ሁለት ሰዎችን ደረጃ ላይ አቁመው ጡንቻ ለምን እንደሚደክም ማስረዳት ጀምረው ነበር፤ ማስረጃው ትከሻቸው ላይ ነበር። ባለቤቴማ በራቸውን የምታልፈው ጫማዋን በእጇ ይዛ ነው።

እኔ ግን አንድ ቀን ጠዋት፣ ሁለት ዘንቢል አንጠልጥዬ ወደ አምስተኛ ፎቅ ስወጣ፣ እዚያው በራቸው ላይ ቆምኩ። ሰው የተቀመጠበት ያህል ደረቴ ከብዶኝ፣ ላብ አጥምቆኝ ነበር። በሩ ተከፈተ።

«ምነው፣ ትንፋሽ አጠረህ? ነገሩን ከሥሩ እንየው። ልብ አብዛኛውን ጉልበቱን የሚያገኘው ስብ አቃጥሎ ነው። ለዚያ ደግሞ ኦክስጅን ይፈልጋል። የሚደርሰው ደም ሲቀንስበት ምን ያደርጋል? እንደኛ አያኮርፍም! ያለ ኦክስጅን ስኳር ወደ መሰባበር ይዞራል። የሚያገኘው ጉልበት ትንሽ ነው፤ የሚጠራቀምበት አሲድ ግን…»

ዝም አሉ። ጋሽ ከሥሩ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ሲቆሙ ያየ ሰው የለም። ዘንቢሎቹን ከእጄ ነጠቁኝ።

«ተቀመጥ። እዚሁ ደረጃው ላይ። እንዳትነቃነቅ!»

አምቡላንስ የጠሩት እሳቸው ናቸው። እስኪመጣም እጄን ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ፤ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ሐኪሙ ኋላ እንደነገረኝ፣ ወደ ልቤ ደም የሚወስደው ሥር ሊዘጋ ጥቂት ነበር የቀረው። የቀሩትን ሁለት ፎቆች ብወጣቸው ኖሮ ይህን የሚጽፍ ሰው አይኖርም ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ጋሽ ከሥሩ ሆስፒታል ድረስ ሊጠይቁኝ መጡ።

«ጋሼ፣ በምን አወቁ? ላቤን አይተው ነው?»

«ላቡን ያየሁትማ ኋላ ነው» አሉኝ። «እስከ አሲዱ ድረስ ሰማኸኝ። ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ጤነኛ ሰው እዚያ ደርሶ አያውቅም።»

ከዚያ ወንበራቸውን አስጠጉና ካቆሙበት ቀጠሉ። ነርሷ የጠያቂ ሰዓት ማለቁን ስትነግረን፣ «እባክሽ እህቴ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ» ብዬ የለመንኳት እኔ ነኝ።