የዳገት አይፈሬ መቆምና የአባ መፍቻ ዘመቻ

በዘመነ አዲስ ባትሪ፣ አሮጌው ባትሪ ተሽሮ የዶሮ መቀመጫ በሆነ በዓመቱ፣ የጓሮው ጌታ፣ የመፍቻዎች ሁሉ አዛዥ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ብሎን ሳይፈቱ ውለው የማያውቁ፣ የፈቱትን መልሰው ለማሰር ግን ቃል የማይገቡ፣ ስመ ፈረሳቸው አባ መፍቻ የሆነው ሰው የሠሩት ሥራ ይህ ነው። ያየሁትን ጻፍሁ፤ ያላየሁትን ተውሁ።

አማታቸው እሜቴ ሁለቱም ዓይናቸው በሞራ ተጋርዶ ሰውን በድምፁ ብቻ ይለዩ ነበር። የዓይን ሐኪሙ ያለው ወንዝ ማዶ ነው፤ ዓመት ሙሉ የተጠበቀው ተራቸውም የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ነበር። ወንዙ ድልድይ የለውም። ውሃውን ደፍሮ የሚሻገር ደግሞ ዳገት አይፈሬ ከተባለው ከአባ መፍቻ የናፍታ መኪና በቀር በሰፈሩ አልነበረም። በላይኛው ተራራ ደመና ይቋጠር ጀምሯል፤ ዝናቡ ከቀደመ ወንዙ ይሞላል፣ ተራውም ለሌላ ያልፋል።

እሜቴም በማለዳ ታጥበው፣ ተደግፈው ወጥተው ከፊተኛው ወንበር ተቀመጡ። የልብስ ጥቅላቸውን በእግራቸው ከወንበሩ ሥር ገፉት፤ አልገባ ቢላቸው በተረከዛቸው ደገሙት። ከዚያም እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «እኔ ከዚህ የምወርደው ሐኪሙ ደጅ ነው። ውረጂ የሚለኝ ቢኖር ከእኔ በፊት የሱ ዓይን ይታይ!»

አባ መፍቻ ቁልፉን አዞሩ። አስነሺው ሞተሪኖ ጮኸ፤ ሞተሩ ግን አልተነሣም። ደገሙ፤ ጮኸ፤ አልተነሣም። ባለቤታቸው ከኩሽናው በር ላይ ቆመው አዋጅ አስነገሩ፦ «ስማ አንተ ሰውዬ! ትናንት ገበያ ደርሶ የመጣ መኪና ዛሬ ምን ነካው? የእናቴ ተራ ካለፈ ይህ ብረት ለቁራሌው ይሰጣል፤ አንተም አብረህ ትጫናለህ!»

ይህን በሰሙ ጊዜ አባ መፍቻ የክተት አዋጅ አወጁ፦ «ሽቦ ያለህ ሽቦህን፣ ፒንሳ ያለህ ፒንሳህን ይዘህ ተከተለኝ! ምክር ብቻ ይዘህ የመጣህ ግን ከአጥሩ ውጭ ትቆማለህ!» ከተከተሏቸውም መካከል የሚስታቸው ወንድም ነበር፤ እርሱ የቤት መብራት ሲዘረጋ የኖረ፣ መሰላል የማይፈራ፣ እናቱን እሜቴን ግን አጥብቆ የሚፈራ ሰው ነው። ጎሚስታው ነበር፣ ደዌ ሁሉ ከጎማ አየር ነው ብሎ የሚያምን። ጡረተኛው የአውቶቡስ ሾፌርም ነበር፣ ማንም መኪና ሲቆም «እኔ ብዬ ነበር» ለማለት ከየትም የሚደርስ። ምክር ብቻ ይዘው የመጡትን ማን ይቆጥራቸዋል? አጥሩ ዘመመ።

ወእምዝ ፍለጋው ተጀመረ። ሞተሪኖው ከጮኸ ባትሪው ደኅና ነው። ጭስ ካልታየ ናፍታ አልደረሰም። ናፍታውን በሚገፋው ፖምፓ ላይ በኤሌክትሪክ የምትከፈት ትንሽ የናፍታ በር አለች፤ ቁልፉ ሲዞር «ጠቅ» ማለት ልማዷ ነው፣ ያን ቀን ግን ዝም አለች። የሚስት ወንድም ሽቦ የተቀጠለባትን ትንሽ አምፖል አወጣ፤ አንዱን እግሯን ከመኪናው ብረት አስሮ በሌላው እግሯ ሽቦውን ይነካካ ጀመር። ፊውዙ ላይ በራች። ቁልፉ ላይ በራች። የናፍታዋ በር ላይ ጨለመች። ሽቦው ከዳሽቦርዱ ሥር ወርዶ፣ ማንም ባልገባው ምክንያት በፊተኛው ወንበር ሥር አልፎ፣ ወደ ሞተሩ ይመለስ ነበር። ለምን በዚያ እንደዞረ በተጠየቁ ጊዜ አባ መፍቻ «የድሮ መኪና ሥሩ ብዙ ነው» ብለው አለፉ። ሽቦው ወንበሩ ሥር ከመግባቱ በፊት አምፖሏ በራች፤ ከወንበሩ ወዲያ ማዶ ጨለመች።

እንግዲህ ጠላት የት እንዳለ ታወቀ። በወንበሩ ላይ ግን እሜቴ ነበሩ።

አባ መፍቻ የሚስታቸውን ወንድም አዩት። የሚስታቸው ወንድም ጎሚስታውን አየው። ጎሚስታው ጎማውን አየ። አማትን ተነሺ ያለ አማች ከጥንት ጀምሮ አልተሰማም፤ ስለዚህ እሜቴ ከተቀመጡበት ወንበር ሥር ያለ ሽቦ ጤነኛ ነው ተብሎ በአንድ ቃል ተወሰነ። ዲናሞው ተፈታ። የፊት መብራቱ ተፈታ። ምንም ያልበደለው ሬዲዮ ተፈታ። ሾፌሩ «እኔ ብዬ ነበር» አለ፣ ምን እንዳለ ግን አልተናገረም። ደመናውም ጠቆረ።

በመጨረሻ አባ መፍቻ፣ የማይደፈር ምሽግ የገጠመው የጦር አዛዥ እንደሚያደርግ፣ ወንበሩን ዞሮ የሚያልፍ አዲስ ሽቦ እንዲዘረጋ አዘዙ። አንዱን ጫፍ ራሳቸው ይዘው በሞተሩ ላይ ተደፉ። ሌላው ጫፍ ገና የሚስታቸው ወንድም አፍ ውስጥ ነበር፤ በጥርሱ ይልጠው ነበርና። በዚያች ሰዓት ነፋስ መጣ። እሜቴን በረዳቸውና ሹራባቸውን ሊያወጡ ጥቅሉን ከወንበሩ ሥር ጎተቱት። የናፍታዋ በርም «ጠቅ» አለች።

አባ መፍቻ ቀና ብለው አወጁ፦ «አገኘሁት! የኤሌክትሪክ ነገር እጅ ያውቃል!» ቁልፉ ሲዞር ዳገት አይፈሬ አገሣ፣ ጥቁር ጭስ ለቀቀ፣ አጥሩ እልል አለ። የተፈታውም ሁሉ በጆንያ ተጭኖ ከኋላ ተጣለ። እሜቴ ሹራባቸውን ለበሱ፤ ጥቅላቸውን ወደ ቦታው ገፉት፤ በተረከዛቸውም ደገሙት። ሞተሩ ገና ከግቢው በር ሳይወጣ ጸጥ አለ።

«አየሩ ነው» አለ ጎሚስታው፣ በቀስታ።

አባ መፍቻ ግን ጥቅሉን አዩ፣ ተረከዙን አዩ። አስታወሱ። የጎረቤት መኪና በተሰረቀበት ዘመን፣ በር ዘግተው ከወንበሩ ሥር የናፍታዋን በር ሽቦ የምታቋርጥ የተሰወረች ማጥፊያ ገጥመው ነበር፤ ሌባ እንዳያውቃት፣ ሚስትም እንዳታውቃት፣ ለማንም እንዳይነግሩ ምለው ነበር። መሐላቸውን ጠበቁ። ለራሳቸውም አልነገሩም።

በተራራው ላይ ነጎድጓድ ጮኸ። ዝም ብለው ሌላ ነገር ለመፍታት መንገዱ ክፍት ነበር፤ ሕዝቡም ያምናቸው ነበር። እርሳቸው ግን ወርደው፣ በጭቃው ተንበርክከው፣ ሁሉ እየሰማ አወጁ፦ «ጥፋቱ የእኔ ነው። ሞተሩን ያጠፋችውም የእኔ ማጥፊያ ናት። እሜቴ፣ ይቅር ይበሉኝና እግርዎን ትንሽ ያንሡልኝ!»

እሜቴም መለሱ፦ «አይ ልጄ፣ ከጠዋት ጀምሮ እኮ እግሬ ከዚህ ጥቅል ጋር ሲታገል ዝሎ የሚያነሣልኝ ሰው እየጠበቅሁ ነው። አንድ ሰው እንኳ አይጠይቅም?»

ማጥፊያዋ ተከፈተች። ጥቅሉ በጎሚስታው ጭን ላይ ተሾመ። ዳገት አይፈሬ ወንዙን ውሃው በሩን እየላሰ ተሻገረ፤ ማዶ ወጥቶ ገና ሳይደርቅ ጎርፉ ከኋላው ደረሰ። ተራው አላለፈም።

ሐኪሙ ሞራውን ገፎ ያሰረው ፋሻ በተፈታ ጊዜ እሜቴ መጀመሪያ ያዩት አማቻቸውን ነበር፤ «ለካ እንዲህ አርጅተሃል!» አሉ። መኪናው ውስጥ ሲገቡ ጎንበስ ብለው ወንበሩ ሥር ተመለከቱ፣ ማጥፊያዋንም በጣታቸው ነካኩ፤ ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል።

ስለዚህ ምስጋና ይድረሳቸው፦ ከሌባ ለሸሸጉ፣ ከራሳቸው አስበልጠው ለሸሸጉ፣ ከምሽጉ በቀር አገሩን ሁሉ ፈትተው ለጨረሱ፣ ጎርፍን ለቀደሙ፣ ለማንም ያልታጠፈ ጉልበታቸውን በጭቃ ላይ ላጠፉ፣ ለአንዲት አሮጊት ዓይን ስማቸውን ለሰጡ ለአባ መፍቻ። መፍቻቸው አይጥፋ፤ ስማቸውን ዝገት አይንካው።