ሁለት ሰው የቀራቸው የተከበሩ

ሳይሾም የተሾመ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። በማኒላ ባሕር ዳር ያለችው የእኛ የናቮታስ ሹም የተከበሩ ቴዎፒስቶ ማግባኑዋ ናቸው። "የተከበሩ" ብለን የሾምናቸው እኛው፣ ለፌዝ ነው፤ እሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ "ተዉ" አላሉንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሃ ዓሣ አጥማጆች ፓርቲ በምክር ቤቱ አንዲት ወንበር አገኘ። ወንበሯ የምትሰጠው ፓርቲው ዕጩዎቹን ባስመዘገበበት ተራ ነው፤ አንደኛው ከሞተ ወይም ከታገደ ለሁለተኛው፣ እሱም ከሌለ ለሦስተኛው። አንደኛው ዶን ኢልዴፎንሶ ናቸው፤ የአገረ ገዢው አማች፣ የሆቴሎች ጌታ። ሁለተኛዋ ባለቤታቸው ናቸው፤ ዓሣ ሲሸታቸው ራሳቸውን ያማቸዋል። ሦስተኛው ቴዎፒስቶ፣ ዝርዝሩ ትንሽ ባሕር ባሕር እንዲል ጣል የተደረጉ። በአገራችን ድሃ የሚወከለው እንደ ጨው ነው፤ ለማጣፈጫ ያህል።

"ሁለት ሰው ብቻ ነው የቀረኝ!" ይላሉ የተከበሩ። ሠርግ ላይ ይሉታል፤ ለቅሶ ላይ ይሉታል። የቅርጫት ኳስ ሜዳችን ሲመረቅ መቀስ ከቤታቸው ይዘው መጥተው ከንቲባው ሳይደርስ ሪባኑን ቆረጡት። ጠዋት ደረቅ ዓሣቸውን በሩዝ እየበሉ ከጋዜጣው አስቀድመው የሚገልጡት የሙታን ማስታወቂያውን ነው።

"ዶኑ እንዴት አደሩ?" ይሉናል።

"ደህና ናቸው፣ የተከበሩ።"

"ተመስገን" ይላሉ፤ ፊታቸው ግን ሐዘን የደረሰበት ሰው ፊት ነው።

ሞት ሲዘገይባቸው ክስ መሠረቱ፤ ዶኑና ሚስታቸው ዓሣ አጥማጆች አይደሉምና ይታገዱልኝ አሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጥልፍ ሸሚዛቸውን እየተኮሱ ፍርድ ቤት ተመላለሱ።

"አንተ ሰውዬ፣ ባሕሩ ረሳህ እኮ!" ትላቸዋለች ሚስታቸው ፌሊሲታስ።

"ባሕሩ የትም አይሄድ፤ ወንበሯ ናት የምታመልጠው።"

በመጨረሻው ቀጠሮ እኔም ለመሳቅ ብዬ ሄድኩ። የዶኑ ጠበቃ ፎቶ አቀረበ፤ ዶኑ በመዝናኛ ጀልባቸው ላይ ቱና አቅፈዋል። ዳኛው መነጽራቸውን አስተካክለው ዓሣውን በአክብሮት ተመለከቱት። ጠበቃው ወደ የተከበሩ ዞረ።

"አባባ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ባሕር የወጡት መቼ ነው?"

የራሳቸው ጠበቃ ኡሁ ኡሁ ብሎ ሳለ። "ትናንት ይበሉ" የሚል ሳል ነበር፤ ከኋላ ለተቀመጥኩት ለእኔ እንኳ ገብቶኛል። የተከበሩ ወደ ዳኛው ዞሩ።

"ክሱን ከጀመርኩ ወዲህ አልወጣሁም፣ ጌታዬ። ጀልባዬን ለጠበቃው ክፍያ ሸጥኳት።"

እንግዲህ ፍርድ ወጣ። ቱና ያቀፈው ሰው ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ወንበሯ ትጽናለት። ከሳሹ ግን ዓሣ ማጥመድ ስለተወ ከዝርዝሩ ይሰረዝ!

ውጭ ታክሲ ስንጠብቅ ፌሊሲታስ ጮኸች፦ "'ትናንት' ማለት ምን ያቅታል? ያኛው ዓሣ አቅፎ ይምል የለ!"

"ታዲያ ሰውየውን ዋሸ ብዬ ከስሼ እኔው ልዋሽ?" አሉ የተከበሩ፣ መሬት መሬት እያዩ።

በዚያ ትልቅ ሕንጻ ጠበቃና ዳኛ ሞልቶ፣ ይህችን የሚያህል ነገር የተናገረ አልነበረም። ለመሳቅ የመጣሁት እኔ ወደ እሳቸው ጠጋ አልኩ።

"የወንድሜ ጀልባ ሰው ጎድሎታል" አልኳቸው። "ነገ ይወጣሉ።"

ሸሚዛቸውን ሳብ አድርገው ገላመጡኝ።

"ከፊት ከሆነ ነው የምቀመጠው።"

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ከፊት የሚቀመጠው የሚስቱ ወንድም ነው። አስነሣልኝ አልኩት።