የአስማት እሳትና እርጥቡ ጆንያ

ዕቃ ማለት እሳት ሲመጣበት የማይሮጥ ነገር ነው። ወንበር ዕቃ ነው። በርም ዕቃ ነው። ሰው ግን መሮጥ እስከቻለ ድረስ ዕቃ አይደለም። ይህን ከመዝገበ ቃላት ያገኘሁት እንዳይመስላችሁ። ጭሮ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት ሦስት ሆነን ከምንጫወተው ጨዋታ ነው።

ጨዋታው ቀላል ነው። ፋርማሲስቷ ሰላም ታሪክ ትተርካለች፤ እኔና ጫት ነጋዴው ጀማል በታሪኩ ውስጥ ሰው ሆነን እንገባለን። ያሰብነው ይሳካ አይሳካ ቁጥር የተጻፈበት ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ተጥሎ ይወስናል። ሃያ ከወጣ ደግ፣ አንድ ከወጣ መዓት። የሞተ አይመለስም። ጀማል በጨዋታው ሁለት ዓመት ሙሉ ቦሩ የሚባል ጦረኛ ነበር። ስለ ቦሩ ሲያወራ ስለ ወንድሙ የሚያወራ ይመስላል።

አንድ ቅዳሜ ቦሩ መጋዘን ውስጥ ተደበቀ። የሚያሳድደው ጠንቋይ በመስኮት የተድቦለቦለ እሳት ወረወረበት። የጨዋታው ሕግ መጽሐፍ እሳት ሰውን እንዴት እንደሚጎዳ በዝርዝር ይናገራል፤ ስለ ዕቃ ግን ዝም ነው። ሰውየው ከስሎ ወንበሩ ጤነኛ ይሆናል። እንዲህ ያለ እሳት የት አይታችኋል?

ጀማል መጋዘኑ ውስጥ ጆንያ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ሰላም ሳቅ ብላ፣ "የጫት ይሁንልህ" አለችው። ቦሩ ወዲያው ጆንያዎቹ ሥር ገባ። "መጽሐፉ ዝም ቢልም እሳት እሳት ነው፤ ጆንያው ይነዳል" ብትል ጀማል ብድግ አለ። ጫት በእርጥብ ቅጠል ጠቅልሎ፣ ጆንያውን ውሃ አርከፍክፎ ሲጭን ሃያ ዓመቱ ነው። "አቦ ሰላም! ወላሂ አይነድም! መምህር ይፍረድ!"

የኬሚስትሪ መምህር መሆን ጣጣ አለው። አይነድም ብዬ ፈረድኩ። ጀማል እጄን ጨበጠኝ። እኔ ግን መምህር አይደለሁ? ያልተጠየቅሁትን ጨመርኩ። "ይጨሳል እንጂ።"

ሰላም ጭሱ ቦሩን ያፍነው እንደሆነ ለመወሰን ዳይሱን አነሳች።

ይሄኔ ሸተተን። የእርጥብ ቅጠል ጭስ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ። ወጥተን አየን። ግቢው ባዶ ነው፤ መንገዱ ላይ ከባጃጅ በቀር ምንም የለም። እሳት በሌለበት ጭስ አይኖርም ያለው ሰው ጭሮን አላየም። ተመልሰን ስንገባ ሽታው ብሶ ጠበቀን። ጀማል ያስላል።

"ሰላም፣ ዳይሱን አትጣይው፣ አቦ" አላት፣ ቀስ ብሎ።

ሰላም መዳፏን ከፈተች። ባዶ ነው። ዳይሱ ጠረጴዛው ላይ አርፏል፤ አንድ ወጥቷል። ማን እንደጣለው እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

ሽታው ጠፋ። ጆንያዎቹ አልነደዱም፤ ቦሩንም እሳት አልነካውም። ጭሱ አፍኖ ገደለው። ጀማል ክርክሩን አሸንፏል ማለት ነው።

ጀማል፣ "ጀናዛውስ?" አለ። "በኋላ እሳቱ ያገኘዋል?"

ሰላም መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ አደረገች። የሞተ ሰው አይሮጥም። ቦሩ በሰላም ደብተር ላይ ከወንበሩና ከበሩ ቀጥሎ ዕቃ ተብሎ ተጻፈ፤ እሳቱም በሕጉ መሠረት ሳይነካው አለፈ።