ከጥቂት ነገር በቀር ደህና ነን

በየጎጡ አንድ ሰው አለ። የሌለበት ጎጥ ካለ እግዜር ገና ፈጥሮ አልጨረሰውም ማለት ነው። ይህ ሰው ቤቱ በእሳት እየጋየ እንግዳ ቢመጣበት ደጅ ድረስ ወጥቶ ይቀበላል። «እንዴት ናችሁ?» ሲሉት «ሙቀት ብጤ ነው እንጂ እግዜር ይመስገን» ይላል። ይባስ ብሎ እንግዳውን ከሚነደው ቤት ገብተህ ካልተቀመጥህ ብሎ በማርያም ይለምነዋል። ቡሬ ብትሄዱ፣ ፍኖተ ሰላም ብትሄዱ፣ ገበዝ ማርያም ብትወጡ አታጡትም። ታውቁታላችሁ፤ ምናልባትም አባታችሁ ነው።

ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ከሚወስደው አስፋልት ወረድ ብሎ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ወይራ ምንጭ በሚባለው ጎጥ ይህን ከባድ ሹመት የያዙት የተከበሩ አያ ላቀው ናቸው። ማንም አልሾማቸውም፤ የሚሽራቸውም የለም። እንግዳ ሲመጣ ተቀባዩ እሳቸው፣ ስለ ጎጡ መላሹ እሳቸው፣ ገመና ሸፋኙ እሳቸው። መልሳቸውም ሁልጊዜ አንድ ናት፦ «ከጥቂት ነገር በቀር ደህና ነን።» ጥቂቷ ነገር ምን እንደሆነች ጠይቆ የተነገረው ሰው የለም።

ሚስታቸው አቻምየለሽ ግን ሳትጠይቅ ታውቃለች። በሠርጋቸው ማግስት ሙሽራው ከበቅሎ ወድቀው ቁርጭምጭሚታቸው ወልቆ ነበር። «ከጥቂት ነገር በቀር ደህና ነኝ» ብለው በዚያው እግር ሲጨፍሩ ዋሉ። ወጌሻው መጥቶ እግራቸውን ሲስበው ላባቸው በግንባራቸው እየወረደ «ለመሆኑ ልጆችህ ደህና ናቸው?» ይሉታል። የታላቅ ወንድማቸው ሬሳ ገና ከቤት ሳይወጣ አንድ ለቀስተኛ «እንዴት ሰነበታችሁ?» ቢላቸው ያችኑ መለሱለት። ሰውየው ማልቀስ ይሁን መመለስ ግራ ገብቶት ከደጅ ቆሞ ቀረ። አቻምየለሽ ያን ቀን ሳቅና ለቅሶ ባንድ ላይ ሊገድሏት ነበር።

የመጸዳጃ ቤቱንማ አታንሡት። የጤና ኤክስቴንሽኗ ቤት ለቤት ዞራ ስትለምን ከሁሉ ቀድመው የሠሩት አያ ላቀው ናቸው። ምን የመሰለ ቤት! በጭድ ጭቃ ተመርጎ፣ በነጭ አፈር ተለቅልቆ፣ የእጅ መታጠቢያ ጀሪካን በሩ ላይ ተንጠልጥሎ። ከዚያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ቆለፉት! ቁልፉን ከአንገት ማተባቸው ጋር አሰሩትና «የእንግዳ ነው» አሉ። ቤተሰቡ እንደ ዱሮው ከባሕር ዛፉ ሥር ቀረ። አቻምየለሽ በክረምት ጭቃ አንሸራቷት ስትነሣ ያን ያማረ ቤት ዞር ብላ ታየውና «ዝንቡ እንኳ እንግዳ ካልሆነ አይገባበትም» እያለች ቀሚሷን ታራግፋለች። ዝንቡም የእንግዳው ቤት ስለተዘጋበት የቤተሰቡ ፊት ላይ ያርፋል።

የአቻምየለሽ ጥቂት ነገር ዓይኗ ነው። ሐኪሞቹ ትራኮማ ይሉታል። የዓይኗ ቆብ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ሽፋሽፍቷ ብሌኗን ይፍቀዋል። በከደነች በገለጠች ቁጥር አሸዋ የተበተነባት ይመስላታል። ፀሐይ አይሆንላት፣ ጭስ አይሆንላት። እናቷ በዚሁ ሕመም ታውራ፣ በሰው እጅ ተመርታ ነው የሞተችው፤ ስለዚህ መጨረሻውን አሳምራ ታውቀዋለች።

የሚያስታግስላት ባሏ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ደጃፉ ላይ ስታርፍ አያ ላቀው በሩን ገርበብ አድርገው ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ ያስተኙና ክፉውን ፀጉር በወረንጦ አንድ በአንድ ይነቅሉላታል። ያን ጊዜ ያ ሁሉ ኩራታቸው የት እንደሚገባ እንጃ። «አመመሽ እንዴ? አመመሽ የኔ እመቤት?» ይላሉ፤ ትንፋሻቸውን ውጠው። የነቀሉት ግን መልሶ ይበቅላል፤ ሲበቅልም አጥሮና ጠጥሮ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ እጃቸው ይስታል። ፀጉሩን ትተው ሥጋዋን ይቆነጥጧታል። እርጅና ነው ብላ ትችለዋለች።

በግንቦት መጨረሻ ላይ ወሬ መጣ። ናሁሰናይና ፀደይ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች የጎጡን የጤና ችግር ሊያጠኑ ነው። የጤና ኤክስቴንሽኗ ሰዉን ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሰብስባ ነገሩን ፍርጥ አደረገችው። «የዓይን ሐኪሞች ሊመጡ ነው። የሚሄዱት ግን ችግሩ የባሰበት ጎጥ ነው። በእናታችሁ አትሸፋፍኑ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

የአቻምየለሽ ልብ ዘለለ። የተቀለበሰውን ቆብ ጥቂት በጥተው ሰፍተው እንደሚመልሱት፣ ሥራውም ከአንድ ጀበና ቡና እንደማይረዝም ሰምታለች። አያ ላቀው ግን ሌላ ነገር ነው የሰሙት። «እንግዳ ሊመጣ ነው» አሉ።

ዝግጅቱ የጥምቀት ያህል ነበር። እንቅርት ያለባቸው ሴቶች አንገታቸውን በነጠላ እንዲጠመጥሙ ተነገራቸው። የሚያስሉት ከብት ጥበቃ ተሰደዱ። ጉንጫቸው የሞላ፣ ጥርሳቸው ያልጎደለ ሰዎች ተመርጠው ከፊት ተደረደሩ። ከተደረደሩትም አንዱ በሬ ሊገዛ ከዱርቤቴ የመጣ መንገደኛ ነበር። አያ ላቀው በመጨረሻ ወደ ቤታቸው ዞሩ። ቀኑ ቅዳሜ ባይሆንም ወረንጦውን አወጡ።

«በእንግዳ ፊት እንባሽ እንዳይፈስ» አሉና አንዲት ሳያስቀሩ ነቀሉላት። ዓይኗን ለብ ባለ ውኃ አጠቡላት። «በይ አሁን ጓዳ ሁኚ።»

እንግዶቹ መጡ፤ ዶሮ ቀረበ፣ ማር ቀረበ፣ ጠላ ተቀዳ። ናሁሰናይ ታብሌቱን ከጭኑ ላይ አድርጎ ጠየቀ። «አባባ፣ በዚህ ጎጥ ዋናው የጤና ችግር ምንድን ነው?»

«ከጥቂት ነገር በቀር ደህና ነን።»

«ጥቂት ነገር ማለት?»

«ልጄ፣ ለእንግዳ የሚነገር አይደለም። ብላ እንጂ! አልወደድኸውም እንዴ?»

«እየበላሁ ነው አባባ። ዓይኑን የሚያመው የለም? ፀጉር እየወጋው እንባ የሚያፈስ?»

አያ ላቀው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው! እንዲህ ያለ ነገር እዚህ አይቼ አላውቅም!»

አቻምየለሽ ጓዳ ሆና ሁሉንም ትሰማለች። ውጪና ተናገሪ ይላታል አንድ ልቧ። የስንት ዘመን ባሌን በሰው ፊት ውሸታም ላድርገው? ይላታል ሌላው። ሳትቆርጥ መጋረጃው ተገለጠና ፀደይ ገባች። ልጅቱ ጨዋ ናት፤ ጎንበስ ብላ ጉልበት ሳመች። «እንዴት ነዎት እማማ? ደህና ነዎት? ዓይንዎ ደህና ነው?»

እስቲ ንገሩኝ፣ ጉልበቷን ስማ ደህና ነዎት ላለቻት ልጅ የጎጃም ሴት ምን ብላ ትመልሳለች?

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ። እናትሽ ደህና ናት?»

አፏ ከልቧ ቀድሞ ነው። ፀደይ ቀረብ ብላ ዓይኗን አየችው። ምን ልታይ? በዚያው ጠዋት የታጠበ፣ አንዲት ክፉ ፀጉር የሌለበት ዓይን። አመስግና ወጣች። አቻምየለሽ ራሷን በጥፊ ብታጮለው በወደደች። ባሏ በእጁ ያሳመረው ዓይን መሰከረባት፤ የቀረውን ራሷ ጨመረችበት።

ወይራ ምንጭ ሞዴል ጎጥ ተባለ። መጸዳጃ ቤቱ ፎቶ ተነሣ። አያ ላቀው የምስክር ወረቀት ተቀብለው ከሥዕለ ማርያም ጎን ሰቀሉት። ሐኪሞቹም ወደ ወንዙ ማዶ ሄዱ። ማዶ ያለው ቢሰጥ የሚባል ሌላ ዓይነት ፍጡር ነው፤ እሾህ ቢወጋው የንስሐ አባቱን የሚያስጠራ። በአጥኚዎቹ ፊት መሬት ላይ ተንከባለለ አሉ። እሰይ፣ ደግ አደረገ! የማዶ ሴቶች ዓይናቸው ተሰፍቶ ዳኑ።

አቻምየለሽ «እንሻገር» ብላ ለመነች።

«ላልጠራን ሰው ደጅ እንቁም? ለእኛ ቢያስቡ ኖሮ ይልኩልን ነበር» አሉ አያ ላቀው። እንዳይልኩ ያደረጉት ራሳቸው ሆነው ሳለ ጥፋቱን የእንግዳ አስመሰሉት።

እሷ ስትለምን፣ እሳቸው ሲኮሩ ሐምሌ ገባ። ወንዙ ሞላ። መንገዱም በዚያ ሰሞን እንደ አኩራፊ ሰው ሲዘጋ ሲከፈት፣ ሐኪሞቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሄዱ። አደይ ሲፈነዳ የአቻምየለሽ ቀኝ ዓይን ላይ ነጭ ነገር ተጋረደ። ፀሐይ ብታሞቃትም በዚያ ዓይኗ አታያትም።

«አሁንም ደህና ነን?» አለቻቸው።

 አያ ላቀው ተነሥተው ምስክር ወረቀቱን ከግድግዳው አወረዱት። እሷ ግን በዚህ አልበረደላትም። ለመስቀል ደመራ ሰው ሁሉ ሲወጣ አብራቸው አልወጣችም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ ስታደርግም «አመመሽ?» ሲሏት ዝም ትላቸው ነበር።

በበጋው ናሁሰናይና ፀደይ ተመልሰው መጡ። ጎጡ ተሰበሰበ፤ ነጠላው ተጠመጠመ፤ ያው ጥያቄ ተጠየቀ። «ዋናው የጤና ችግር ምንድን ነው?»

ሰው ሁሉ ያችን ቃል ሲጠብቅ አያ ላቀው ከመቀመጫቸው ተነሡ። ጓዳ ገብተው ሚስታቸውን እጇን ይዘው አወጡና ከራሳቸው በርጩማ ላይ አስቀመጧት።

«ጥቂቷ ነገር ይቺ ናት» አሉ። «አንዱን ዓይኗን እኔ ነኝ ያጠፋሁት። አንዱ ቀርቷታል።» 

አንዲት ሴት ከአንገቷ ነጠላዋን ፈታች። ሌላዋ ተከተለች። ሳል ይዞት የኖረው ሁሉ እንደ ተፈቀደለት ሳለ። ናሁሰናይ ታብሌቱን አየ፣ ሰዎቹን አየ፤ አንገቱን ደፋ።

«ይቅርታ አባባ፣ የዘንድሮው ጥናት ስለ ወባ ብቻ ነው። የዓይኑ ባለፈው ታይቶ፣ እዚህ ችግር የለም ተብሎ ተዘግቷል።»

አያ ላቀው ለእንግዳ ክፉ ቃል ተናግረው አያውቁም፤ ያን ቀንም አልተናገሩም። ወጥተው ከእንግዶቹ መኪና ጎማ ፊት ቁርበት አነጠፉና ተቀመጡበት። «እንግዶቼ ናችሁ። ሳትበሉ አትሄዱም። በግ ይታረዳል።»

«በልተናል እኮ አባባ!»

«ነገም ትበላላችሁ። ከነገ ወዲያም ትበላላችሁ። ሚስቴ ሐኪም ዘንድ እስክትደርስ ድረስ ስትበሉ ትከርማላችሁ።»

ሹፌሩ ለመናቸው፤ ትራስ አምጡለት አሉ። በመጨረሻ ፀደይ ስልኳን ይዛ ኔትወርክ ካለበት ኮረብታ ወጣች። ስትወርድ ዓይኗ በለቅሶ ቀልቶ ነበር። «ፍኖተ ሰላም ሐኪም አግኝቼላቸዋለሁ። ይዘናቸው እንሄዳለን» አለች። ከዚያም አቻምየለሽ ፊት ቆማ «እማማ፣ ያን ጊዜ ደህና ነኝ ሲሉኝ አመንኩዎት» አለቻት።

«እኔስ መች ልዋሽሽ ብዬ ልጄ» አለች አቻምየለሽ።

ግራ ዓይኗ ተሰፍቶ ዳነ። ቀኙ ላይመለስ ሄዷል። ከፍኖተ ሰላም ስትመለስ መጀመሪያ የጠየቀችው የመጸዳጃ ቤቱን ቁልፍ ነበር፤ አያ ላቀው ያለ አንድ ቃል ከማተባቸው ፈትተው ሰጧት።

ቁስሏ ደርቆ የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ስትመጣ ሁለቱ እንደ ልማዳቸው ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። የሚነቀል ነገር የለም። ስለዚህ አቻምየለሽ ዝም ብላ አየች። ባሕር ዛፉን አየች። ዶሮዎቿን አየች። ቀጥላም ባሏን ከቅርብ አየችው፤ እንባ ሳይጋርዳት ካየችው ስንት ጊዜዋ ነው! የአያ ላቀው ዓይን ደም መስሏል። ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ዞሯል። ቆባቸው ዳር ዳሩን ተቆነጣጥሮ ቆስሏል፤ ለራሳቸው በዳበሳ ሲነቅሉ ኖረዋል። ያ እጅ ይስት የነበረው ለካ አልታይ ብሏቸው ነው!

«ላቀው፣ ዓይንህ ምን ሆኖ ነው?»

«ምንም አልሆነ። ከጥቂት ነገር በ…»

«ዝም በል!» አለች። ንዴቱ ከእግር ጥፍሯ ነው የተነሣው። ይህን ሰው አንቃ ብትገድለው ደስ ይላት ነበር፤ ደግሞ እንዲህ ሆኖ፣ በማያይ ዓይኑ የእሷን ክፉ ፀጉር ሲፈልግላት መኖሩን አሰበችና ሆዷ ባባ። ሐኪሙ እንዳታለቅስ ነግሯታል። ስለዚህ ተነሣች፤ ከአጥሩ ጥግ ቆመች፤ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ኧረ የጎጡ ሰው! ኧረ ስሙኝ! ላቀው ዓይኑን ታሟል! ላቀው ሊታወርብኝ ነው!»

«ኧረ በማርያም! ኧረ ነውር ነው አቻምየለሽ!» አያ ላቀው ነጠላዋን ይዘው ጎተቱ። እሷ ነጠላውን ለቀቀችላቸውና ከበፊቱ አብልጣ ጮኸች። ከወንዙ ማዶ ቢሰጥ ሳይቀር «ምን ሆናችሁ?» ብሎ ተጣራ።

ሰው በየአቅጣጫው መምጣት ጀመረ። አያ ላቀው ነጠላዋን እንደያዙ ወደ በሩ አዩ፣ ወደ ሰዉ አዩ። ከዚያ ጓዳ ገቡና መጋረጃውን ሳቡ።