የጋሽ ክፍሌ የጋብቻ ፈተና

ሐበሻ በብዛት በሚኖርበት ከተማ ሁሉ ሳይጠሩት የሚመጣ አንድ የጋብቻ ፈታኝ አለ። ዲሲ አለ፣ ሲያትል አለ፣ ዳላስ እንዲያውም ሁለት አሉ ይባላል። አንዱ ዘር ይቆጥራል፣ አንዱ የልጁን ደሞዝ ይገምታል፣ አንዱ የልጅቷን ቁመት በዓይኑ ይለካል። እኛ የአትላንታዎቹ ግን ዕድላችን ሆኖ ለየት ያለው ደረሰን። የእኛው ኮከብ ይቆጥራሉ። ያውም የሕንድ ኮከብ!

ክቡርነታቸው ጋሽ ክፍሌ ይባላሉ። አገር ቤት ደብረ ማርቆስ ሒሳብ ሲያስተምሩ ማንም ተማሪ ለምኗቸው ግማሽ ማርክ አግኝቶ አያውቅም። እዚህ መጥተው ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ ቲኬት ሲቆርጡ ኖሩ፤ እዚያች መስታወት ቤት ውስጥ ከዩቲዩብ ጋር ብቻቸውን ሲውሉ ነው ይኼን ነገር የተማሩት። ሕንዶቹ ልጅ ሲድሩ የሁለቱንም የልደት ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ይዘው ጨረቃ ያኔ የት እንደነበረች ያሰላሉ። ውጤቱ ከሠላሳ ስድስት ይታረማል፤ ማለፊያው ዐሥራ ስምንት ነው። አስቡት እንግዲህ፣ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ከሠላሳ ስድስት የሚታረም ፈተና ሲያገኝ! ሰውዬው እንደ አዲስ ተወለዱ።

ከዚያ ወዲህ እኛ ሰፈር፣ ታከር ውስጥ በሰላም የታጨ ሰው የለም። ሱቅ ገብታችሁ በርበሬ ስትመርጡ ከምስሩ ከረጢት ኋላ ብቅ ይላሉ። "ልጅሽ ሰው ያዘች አሉ? የልጁ ጨረቃ የት ናት?" ሳይውል ሳያድር ስልክ ይደወላል። "አላለፉም! ዐሥራ አራት!" በቃ። እንደምን ዋላችሁ የለ፣ አይዟችሁ የለ፣ ጆሮአችሁ ላይ ይዘጉታል።

ሰርፀ የሚባል የሰፈራችን ልጅ እጮኛውን ከአዲስ አበባ ለማምጣት ፕሮሰስ ሲጀምር ደግሞ ሃያ ስድስት አወጡለት። "ይኼን ከፋይሉ ጋር አያይዘህ ለኢሚግሬሽን ላክ። ትዳሩ የእውነት ለመሆኑ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋሉ?" አሉት። ሎየሩ በሳቅ ሞተ። ቪዛው ሲዘገይ ጥፋቱ የሎየሩ ሆነ።

ትልቁ ራስ ምታታቸው የእኛ የስደተኞች ልደት ነበር። የተወለደበትን ቀን የማያውቅ ሁሉ ካምፕ ውስጥ ጃንዋሪ አንድ እየተባለ ስለተጻፈለት፣ በወረቀት ከሄድን ግማሹ የአትላንታ ሐበሻ መንታ ነው። ጋሽ ክፍሌ ይህን ለማጣራት ሰውን ለቅሶ ቤት ሳይቀር ያፋጥጡታል። "ስትወለድ ዶሮ ጮኾ ነበር? ዝናብ ነበር?" አንዱ ታክሲ ነጂ ቢመረው "ጋሽ ክፍሌ፣ ያን ቀን ሥራ በዝቶብኝ ሰዓት አላየሁም" አላቸው።

ቀሲስ እንድርያስ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጠርተው ገሠጿቸው። ጋሽ ክፍሌ መች እጅ ይሰጣሉ። "አባታችን፣ ሰብአ ሰገል ቤተልሔም የደረሱት በምን ተመርተው ነው? በኮከብ አይደለም?" አሉ።

"ደርሰው ሰገዱ እንጂ የሰው ሰርግ አላፈረሱም" አሏቸው ቀሲስ። ከዚያ በኋላ ጋሽ ክፍሌ ለጥቂት ሳምንታት አረፉ፤ እኛም አብረን አረፍን።

ታዲያ በየሰርጉ የማይቀር አንድ ንግግር አላቸው። ማይኩን ይዘው "እኔና የሺእመቤት ስንት እንደሆንን ታውቃላችሁ? ሠላሳ ሦስት! ከሠላሳ ስድስት ሠላሳ ሦስት!" ይላሉ። ባለቤታቸው እትዬ የሺእመቤት ቀና ብለው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። እኔም ከባሌ ከአሸብር ጋር በተኮራረፍኩ ቁጥር ያቺን ነጠላ አስታውሼ፣ የእኛስ ስንት ይሆን እላለሁ።

ይኼ ሁሉ በሰው ላይ ሲሆን ያስቅ ነበር። ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ።

ልጄ ገሊላ ፒችትሪ ኮርነርስ በሚባለው ሰፈር ፋርማሲስት ናት። አንድ ቀን "ማሚ፣ ላይክ፣ አንድ ሰው አለ" አለችኝ። ቪክራም ይባላል፤ ቤተሰቦቹ ከሕንድ ናቸው። ገና ሳየው ወደድኩት፤ በዓይኑ ሁሉ ነው የሚያያት። ችግሩ እናቱ ናቸው። ወይዘሮ ላሊታ ያለ ባል ብቻቸውን ያሳደጉት አንድ ልጃቸው ነውና "ኮከባቸው ካላለፈ አልመርቅም" አሉ። ቪክራም ደግሞ እናቱ ሳይመርቁት ቀለበት እንደማያስር ነገራት። አልፈረድኩበትም፤ እኔም የምወደው ልጅ እንዲህ ያለው ነው።

የገሊላን የልደት ቀን ከእኛ ዘመን አቆጣጠር ወደ ፈረንጁ በጥንቃቄ ለወጥነው። ሰዓቱን ስትጠይቀኝ "ጎንደር፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ" አልኳት፤ በቴክስት ላከችላቸው። የእነሱ ኮከብ ቆጣሪ አሰላ፤ ዘጠኝ! ማርስ የምትባለው ኮከብም የባል ቤት በሚሉት የሰማይ ክፍል ተቀምጣባታለች፣ ልጅቷ ለባሏ መዘዘኛ ናት ተባለ። ገሊላ ክፍሏ ገብታ ዘጋች። አሸብር ቤት ውስጥ ችግር ሲመጣ እንደ ልማዱ ወጥቶ መኪና ማጠብ ጀመረ፤ መኪናው ደግሞ ንጹሕ ነበር። እኔስ ምን ላድርግ? ስሸሻቸው የኖርኩትን ሰውዬ፣ ጋሽ ክፍሌን ደወልኩላቸው።

ከራቫት አስረው መጡ። የገሊላን ስልክ ከዓይናቸው ራቅ አድርገው አነበቡ።

"ስሪ ኤኤም ብሎ የጻፈው ማነው?"

"እኔ ነኛ" አለች ገሊላ። "ማሚ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው ያለችኝ።"

ጋሽ ክፍሌ ጭንቅላታቸውን ያዙ። "ኧረ በስመ አብ! የእናትሽ ሦስት ሰዓት እኮ ፀሐይ ወጥታ፣ ሰው ቁርሱን በልቶ ነው! ናይን ኤኤም ነው! ልጅቷን በሌሊት ወለዷት እኮ!" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ እየሩሳሌም፣ ዓመቱን ስትለውጪ ሰዓቱን ማን ይለውጥልሽ ብለሽ ነው?"

በደስታ ስድቡ እንኳ አልተሰማኝም። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብለው እንደገና አሰሉ። ማርስ ከባል ቤት ወጣች፤ እልል ልል ስል መነጽራቸውን አወለቁ።

"ስንት ሆነ?"

"ዐሥራ ሰባት።"

"አንዷን ይጨምሩላታ! ማን ያያል?"

"ማርክ አይለመንም፣ እየሩስ" አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። ገሊላ "ኢትስ ኦኬ፣ ጋሽ ክፍሌ። ታንክ ዩ" ብላ ፈገግ አለች። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ሕፃን ሆና ማባዛት ያስጠኗት እሳቸው ናቸው፤ ስትሳሳት እንዲሁ ፈገግ እያለች ነበር የምታታልላቸው። ጋሽ ክፍሌ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና "ቅዳሜ የልጁ እናት ቤት ውሰዱኝ" አሉ።

ቅዳሜ እኔ፣ ገሊላና ጋሽ ክፍሌ ከባለቤታቸው ጋር አራት ሆነን ሄድን። እትዬ የሺእመቤት "ሠላሳ ሦስቷ ሳትኖር ምን ሊባል ነው?" ብለው የሐበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው መኪናው ውስጥ ከፊት ተቀመጡ። ወይዘሮ ላሊታ የዝንጅብል ሻይ በወተት አቀረቡ። የሰዓቱ ነገር ሲነገራቸው ሳቁ፣ ራሳቸውም አሰሉት፤ ዐሥራ ሰባት። ከዚያ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው አዘኑ፤ ክፋት እንደሌለባቸው ፊታቸው ላይ ያስታውቃል።

"አንድ ጎደለ" አሉ። "ልጄ ነው፤ እፈራለሁ።"

ጋሽ ክፍሌ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። "ማዳም፣ እኔ ከዚህች ሴት ጋር አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የእኛን ውጤት ያውቁታል?" እትዬ የሺእመቤት ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ሰባት ነው።"

የእትዬ የሺእመቤት ሲኒ አየር ላይ ቀረ። "ስንት?" አሉ በአማርኛ።

"ሰባት፣ የሺዬ። መጀመሪያ ያሰላሁት የእኛን ነበር። ደጋግሜ አሰላሁት።"

"ሠላሳ ሦስቱስ?"

"ላንቺ ሰባት ብዬ መንገር አቃተኝ። አንዴ ሠላሳ ሦስት ብዬሽ ደስ ሲልሽ አየሁ፣ ከዚያ እንዴት ልመለስ?"

እትዬ የሺእመቤት ሲኒውን አስቀመጡ። "ለዚህ ነዋ! ሠላሳ ሦስት ይዤ በማሞቂያው ለምን እንደምንጨቃጨቅ ግራ ሲገባኝ!" ከዚያ ወደ ወይዘሮ ላሊታ ዞረው በጣታቸው ባላቸውን አሳዩ። "ሴቨን! ይኼ ሴቨን እኔ ለኩላሊቴ ሆስፒታል የተኛሁ ጊዜ ቤቱ አልገባም፤ ወንበር ላይ ነው ያደረው። ወገቡ እስከ ዛሬ አልዳነም። ንገሪያት፣ ገሊላ።"

ገሊላ ነገረቻቸው። ወይዘሮ ላሊታ የእትዬ የሺእመቤትን ሲኒ እንደገና ሞሉ። በኋላ "እኔና የቪክራም አባት ሠላሳ አንድ ነበርን" አሉ። "ልጁ መራመድ ሳይጀምር አባትየው ሞተብኝ።" ወረቀቱን አጥፈው ከሻይ ትሪው ሥር ከተቱት። "ሰባት እንዲህ ከሆነ ዐሥራ ሰባት ለልጆቹ ይበዛባቸዋል" ብለው ተነሥተው ገሊላን አቀፏት። እኔ ደግሞ እያለቀስኩ የማላውቀውን ብስኩት ስበላ ራሴን አገኘሁት።

የቤተ ክርስቲያን ጋብቻውን ነገር ልጆቹ ከቀሲስ እንድርያስ ጋር ገና እየተነጋገሩበት ነው። ቀለበቱ ግን ባለፈው ወር ታከር፣ ቤታችን ውስጥ ታሰረ። ጋሽ ክፍሌ ማይኩን ሲሰጧቸው አልቀበልም አሉ። ያ ታክሲ ነጂ ከኋላ "ጋሽ ክፍሌ፣ ስንት አመጡ?" ብሎ ጮኸ። ብድግ አሉ፣ ወደ እትዬ የሺእመቤት አዩ፣ "አልፈዋል" ብለው ተቀመጡ። እንግዳው ሁሉ አጨበጨበ።

እንግዶቹ ሲሸኙ በር ላይ ያዝኳቸው። "ጋሽ ክፍሌ፣ እስኪ የእኔንና የአሸብርን ያስሉልኝ።"

"እሱን ካሰላሁት ቆየሁ" አሉ።

"እና ስንት ነው?"

ኮታቸውን መልበስ ጀመሩ፤ እጅጌው አልገኝ አላቸው።

"ሠላሳ ሦስት" አሉኝ፣ ዓይኔን ሳያዩ። አንገታቸውን አቅፌ ሳምኳቸው።