የገጽ ግርጌ አንባቢው አቶ ኦግደን

አቶ ኦግደን ከፋርማሲው ባንኮኒ ላይ የሳል ሽሮፕ ካርቶን ከፍተው በውስጡ የተጣጠፈውን ወረቀት ይዘረጋሉ። እጥፋቱን በአውራ ጣታቸው ይደለድላሉ፤ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ወረቀቱን አፍንጫቸው ድረስ ያስጠጉታል። ከኋላቸው ሰባት ሰው ቆሟል። ሰባተኛዋ እኔ ነኝ።

«አባቴ፣ ሽሮፑን ሊጠጡት ነው ወይስ ሊያገቡት?» አለ ከፊቴ የቆመው ዓሣ አጥማጅ።

«ከታች ምን እንደሚል ሳላውቅ ሁለቱንም አላደርግም» አሉ፣ ሳይዞሩ።

ደቃቅ ጽሑፍ የሚያነብ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ደግነቱ በየከተማው አንድ ብቻ ነው፤ ሁለት ቢሆኑ ኖሮ ለማናችንም ተራ አይደርሰንም ነበር። በባሕሩ ዳርቻ ላለችው ለትንሿ ከተማችን የደረሱን ክቡር አቶ ኦግደን ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ቤት መስኮት ውስጥ ተቀምጠው ሠርተዋል። ያኔ ጥቅል ለመላክ የሄደ ሰው፣ ጥቅሉን ስለ መላክ የተጻፈውን ሁሉ ሰምቶ ነበር የሚመለሰው።

የማርማላታ ብልቃጥ ጀርባ ያነባሉ። የአውቶቡስ ቲኬት ጀርባ ያነባሉ። አንድ ጊዜ ሹፌሩን አስቁመው፣ «መጠነኛ ውሻ ይፈቀዳል ይላል፤ መጠነኛ ማለት ስንት ነው?» ብለው ሲከራከሩ ውሻው ራሱ ሰልችቶት ወረደ። ውሻው የሳቸው እንኳ አልነበረም። በቤተ ክርስቲያኑ የዕጣ ቀን የቄሱ ሚስት ትልቁን የአሳማ ሥጋ ሲያሸንፉ፣ አቶ ኦግደን እጃቸውን አውጥተው፣ «ከታች ምን ይላል? የአዘጋጅ ቤተሰብ አይካፈልም ይላል» አሉ። ሥጋው ተመልሶ ዕጣ ወጣበት። የቄሱ ሚስት ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የሚሰጧቸው በአገጫቸው ነው።

ባለቤታቸው ኖራ ሲሞቱ የመቃብር ቦታውን ደንብ ዐሥራ አንዱንም ገጽ አንብበዋል። የአበባ ማስቀመጫ ከሠላሳ ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይላል። የሳቸው ሃያ ዘጠኝ ነው። በዚያ በኩል ሳልፍ ዘወትር ትኩስ አበባ አይበታለሁ።

እኔ ደግሞ ዕድሜዬን መጋረጃ ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጠርዝና ክር አያመልጠኝም፤ ጽሑፍ ግን ትልልቁን አንብቤ አልፋለሁ። የሆነብኝም በዚሁ ነው።

እኅቴ መርል ያገባችው ዴንማርክ ነው። በጥር ወር ደውላ፣ «አቪስ፣ የልጆቼ ስም እየጠፋብኝ ነው። ሐኪሙ ገና ጅማሬው ነው ይላል። ሳልረሳሽ ነይ» አለችኝ። የሷ ድምፅ እንደ ድሮው ነበር። የኔ ነው የተለወጠው።

ፓስፖርቴ ጊዜው ካለፈበት ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ፎቶው ላይ ያለችው ሴትም የምታውቀኝ አትመስልም። የወረቀቱን ቅጽ ከፖስታ ቤት አመጣሁና በጥሩ እጅ ጽሕፈቴ መሙላት ጀመርኩ። መካከል ላይ ስደርስ ቆምኩ። የፎቶውን ጀርባ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የሚያውቀኝ፣ ዘመዴ ያልሆነ፣ የታወቀ ሙያ ያለው ሰው ይፈርምበት ይላል።

አሰብኩ። ቄሱ የመጡት ባለፈው መከር ነው። የጥርስ ሐኪሜ ጡረታ ወጥቶ ስፔን ገብቷል። የመጋረጃ ቤቱ ባለቤት ሚስስ ፔል ሞተዋል። ቤተ መጻሕፍት ያለችው ጆስሊን የምታውቀኝ ከገና ወዲህ ነው። ቅጹ ሦስት ቀን ኩሽናዬ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። እኔም ሦስት ቀን በሌላኛው ወንበር በላሁ።

በአራተኛው ቀን ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ኮምፒውተር ላይ ፓስፖርት ብዬ ጻፍኩ። ከላይ የመጣው ድረ ገጽ ዘውድ አለው፣ ሰማያዊ ነው፣ ልክ መንግሥት የሚጽፍበት ዓይነት ፊደል አለው። «በአምስት ደቂቃ ያመልክቱ» ይላል። የሚያውቅሽን ሰው አምጪ አላለኝም። ስሜንና የባንክ ካርዴን ብቻ ጠየቀኝ። ሰባ ዘጠኝ ፓውንድ ከፈልኩ። «እናመሰግናለን፣ አቪስ» አለኝ። ወዲያው መዝጋት ነውር መስሎኝ ትንሽ አብሬው ቆየሁ።

አምስት ሳምንት ጠበቅኩ። መርል በየእሑዱ ስትደውል፣ «መቼ ነው?» ትላለች። አንድ እሑድ በአንድ ስልክ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ።

ማክሰኞ ዕለት ቤተ መጻሕፍት ያንኑ ገጽ ከፍቼ ትክ ብዬ ሳየው ከትከሻዬ በላይ የሳል ሽሮፕ ሽታ መጣ።

«ከታች ምን ይላል?»

«መንግሥት ነው፣ አቶ ኦግደን» አልኩ በቀስታ።

የኮምፒውተሩን ማውስ ከእጄ ወስደው ገጹን ወደ ታች ሳቡት፣ ሳቡት፣ ሳቡት። እታች፣ በነጭ ላይ ፈዛዛ ግራጫ ሆኖ የተጻፈ አንድ መስመር ነበር። አቶ ኦግደን በፖስታ ቤት ድምፃቸው አነበቡት፦ «ይህ ድረ ገጽ ከማንኛውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር ግንኙነት የለውም። ክፍያው ቅጽ በመሙላት ለማገዝ ብቻ ነው። የፓስፖርት ማመልከቻውን ደንበኛው ራሱ ይልካል።»

«አቶ ኦግደን፣ እዚህ እኮ ዝም ይባላል» አለች ጆስሊን።

«ሌባ እያየሁ?»

«ሌባ አይባሉም፤ ጽፈውታል።»

«እኔንስ የሚያናድደኝ ይኸው አይደል! ውሸቱን በግልጽ፣ እውነቱን በድብቅ! ይቺን መስመር ከሰው ዓይን ለመሰወር ስንት ሰው ደመወዝ በልቷል! ወይዘሪት ቶርሊ፣ ስንት ከፈሉ?»

ጋዜጣ የሚያነቡት ሁሉ ቀና አሉ። ካፖርቴን በአንድ እጅጌ ለብሼ ወጣሁ። እቤት ስገባ ለመርል መምጣት አልችልም ብዬ ደብዳቤ ጀመርኩ። ከስሟ አላለፍኩም።

በማግስቱ ረቡዕ ረፋድ በሬ ተንኳኳ። አቶ ኦግደን ከረባት አስረዋል፤ በብብታቸው አዲስ ቅጽ ይዘዋል።

«ትናንት ጮህኩ» አሉ። «ኖራ ብትኖር እግሬን ትረግጠኝ ነበር። አሁን የሚረግጠኝ የለም።»

አስገባኋቸው። ሻይ አፈላሁ። የብስኩቱን ፓኬት ገልብጠው ጀርባውን አነበቡና አንድ ወሰዱ።

«አንድ ነገር አልገባኝም» አሉ። «ትክክለኛው ቅጽ ይኸው ጠረጴዛዎ ላይ አለ። እስከ ግማሽ ሞልተውታል፤ የእጅ ጽሕፈትዎም እንደ ታተመ ነው። ለምን ወደዚያ ሄዱ?»

ቅጹን ወደ እሳቸው ገፋ አደረግኩት። ከዚያ በጣቴ መስመሩን አሳየኋቸው።

አነበቡት። እንደ ገና አነበቡት። እሳቸው አንድ መስመር ሁለት ጊዜ ሲያነቡ አይቼ አላውቅም።

«ያኛው ገጽ ሰው አምጪ አላለኝም» አልኩ። «እዚህ የምጽፈው ሰው አጣሁ።»

አቶ ኦግደን ከኮታቸው ውስጠኛ ኪስ ፓስፖርታቸውን አወጡ። «የፈራሚው ፓስፖርት ቁጥር ያስፈልጋል። ጡረታ የወጣ የፖስታ ቤት ሠራተኛም ይፈርማል፤ ተጽፏል።» ቁጥሩን ለመገልበጥ ሲከፍቱት ገጾቹ ተገላበጡ። አንድም ማኅተም የለበትም። አቶ ኦግደን በየዐሥር ዓመቱ እያደሱ የትም አልሄዱም።

«ግን እርስዎ እኔን መች ያውቁኛል?» አልኩ። «ሁለት ዓመት ይላል። በግል ይላል። ከፖስታ ቤቱ መስኮትና ከቤተ መጻሕፍት ውጪ ተነጋግረን አናውቅም።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ደንብ ሊያነቡ ሲሉ እንደሚያደርጉት።

«ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ነው። በየወሩ መጀመሪያ ሰኞ ወደ ዴንማርክ ደብዳቤ ይልካሉ። ቴምብሩን አይልሱም፣ በስፖንጅ ያረጥቡታል። ሰልፍ ላይ ልጅ የያዘች ሴት ካዩ፣ ቦርሳዎ ውስጥ የጠፋ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ሆነው ያሳልፏታል። የቤተ መጻሕፍቱ ወንበር ትራስ ሲተረተር፣ በሳምንቱ ተሰፍቶ ይገኛል፤ ማን ሰፋው ሲባል እርስዎ ጋዜጣ ያነባሉ። ጋዜጣው አንዳንዴ የተገለበጠ ነው።» ብዕራቸውን ከፈቱ። «ሌላ ማስረጃ ይፈልጋሉ?»

አልፈለግሁም። ማንቆርቆሪያው ላይ ውኃ ልጨምር ተነሥቼ ጀርባዬን ሰጠኋቸው።

ፎቶው ከአውራ ጣት ብዙ አይበልጥም። አቶ ኦግደን ከላዩ ላይ ተደፍተው ረጅም ጊዜ ጻፉ። ሁለት ጊዜ ዓይናቸውን በመሐረብ ጠርገው ቀጠሉ። «ብርሃኑ ነው» አሉኝ። መብራቱን አበራሁላቸው። ኩሽናዬ ውስጥ ሌላ ሰው ሲጽፍ ከሰማሁ ብዙ ጊዜ ነው፤ ብዕር እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለው ረስቼ ነበር።

ፓስፖርቱ በሃያኛው ቀን መጣ። በግንቦት ሄድኩ። መርል በሯ ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ «አቪስ፣ ፀጉርሽን ምን አደረግሽው?» አለችኝ። ዘጠኝ ቀን ተቀመጥኩ። በሰባተኛው ቀን ጠዋት አንድ ጊዜ እናታችን መስያት ነበር፤ በቀረው ጊዜ ሁሉ ግን እኔው ነበርኩ።

አቶ ኦግደን ለዚያ ድረ ገጽ ባለቤቶች አራት ገጽ ደብዳቤ ጽፈው፣ የእነሱኑ ደንብ አንቀጽ ዐሥራ አራት ጠቅሰው፣ ከገንዘቤ ግማሹን አስመልሰዋል። ስለ ሌላው ግማሽ እስከ ዛሬ ይጻጻፋሉ። ይመልሱልኝ ዘንድ አልቸኩልም፤ እያንዳንዱ መልስ ሲመጣ ሊያነቡልኝ ይመጣሉ።

ከዴንማርክ በተመለስኩ ሳምንት ቤተ መጻሕፍት ስገባ ጆስሊን፣ «አቶ ኦግደንን እስቲ ይምከሯቸው» አለችኝ። «ሊንከን ከተማ ሆስፒታል የዓይን ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ነበራቸው። ሰባት ወር የጠበቁት። የአውቶቡሱን ሰዓት ራሴ ነበርኩ ያየሁላቸው። ሳይሄዱ ቀሩ! ለምን ስላቸው ሥራ ነበረብኝ አሉኝ። ምን ሥራ አላቸው?»

«መቼ ነበር?» አልኳት።

ረቡዕ ነበር፤ በዚያ በጮኹበት ቀን ማግስት፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ። በዚያ ሰዓት አቶ ኦግደን እኔ ኩሽና ተቀምጠው፣ የቻሉትን ያህል ባሳነሱት ፊደል፣ ፎቶው ላይ ያለችው ሴት በእርግጥ እኔ መሆኔን እየጻፉ ነበር።