ቄስ ሽባባው ጵጵስና የጠየቁበት የቆዳ መጋዘን ስብሰባ

የቡታጅራ ገበያ ጽዳት ጉባኤ፣ ሚያዝያ ፲፬ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም. ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት በሀጂ ሸረፋ የቆዳ መጋዘን ተሰበሰበ። መጋዘኑ የተመረጠው ሽታውን ጣሊያኖች ስለማይችሉት ነው።

የተገኙ፦
ሀጂ ሸረፋ፣ የቆዳ ነጋዴ፣ ሰብሳቢ
ቄስ ሽባባው፣ አባል
አቶ ሀብተወልድ፣ አናጺ፣ አባል
ወይዘሮ ዓለምዘውድ፣ አረቄ ሻጭ፣ የቄስ ሽባባው ታላቅ እህት፣ አባል
ወይዘሮ አደይ፣ ቆጮ ሻጭ፣ ባለጉዳይ
ሰማን፣ ጸሐፊ

ያልተገኘ፦ አቶ ባልቻ፣ የወይዘሮ ዓለምዘውድ ልጅ። ጥላው ከሄደ ወዲህ የት እንደደረሰ ስላልታወቀ ፈቃድ እንደጠየቀ ተቆጥሯል።

ምልዓተ ጉባኤን በተመለከተ፣ የጣሊያኑ መኮንን ቴኔንቴው ለጉባኤው ፈቃድ የሰጠው ቄስ ሽባባው እስካሉበት ድረስ ብቻ ስለሆነ፣ እርሳቸውም ስላሉ፣ ጉባኤው ሙሉ ነው ተባለ። ቄሱ በጸሎት ከፈቱ። ጸሎቱ ረዝሞ ለቴኔንቴው በቅሎ ጤና ሲደርስ ሰብሳቢው «አሚን» ብለው ዘጉት።

አጀንዳ ፩፦ የገበያ ዝንብ

ጊዜ ስላልነበረ ታለፈ።

አጀንዳ ፪፦ ስለ ጆሮ ጠቢው

ኋላ ለሚያነበው እንዲገባው፣ ጆሮ ጠቢ የምንለው ባለፈው ክረምት ከሰማይ ወርዶ ከገበያው ጀርባ ሜዳ ላይ የተተከለውን ብረት ነው። ቁመቱ ከዝግባ ይበልጣል፤ አናቱ ላይ እንደ መለከት የተከፈተ ጆሮ አለው። ጣሊያኖቹ «እኛ ነን ያመጣነው» ይላሉ። የወደቀ ዕለት ግን ከሁላችን ቀድመው የሮጡት እነሱ ናቸው። አሁን በሽቦ አጥረውታል። የአንድ ሰው የክርስትና ስም በዚያ ጆሮ ሥር ከተጠራ፣ ሰውየው የትም ይሁን የት ጥላው ከእግሩ ተነቅሎ ወደ ሽቦው ይሄዳል። ሰውየውም ጥጃ እናቱን እንደሚከተል ይከተለዋል። ሽቦው ጋ ጣሊያኖች ይቀበሉታል። ከዚያ ወዲያ ያየው የለም።

የሰው ሁሉ የክርስትና ስም የሚያውቀው የነፍስ አባት ነው። የከተማው ነፍስ አባት ቄስ ሽባባው ናቸው።

ሰብሳቢው ይህን ካስረዱ በኋላ ቄሱን ቀና ብለው አዩ። ቄሱም አቧራ የነካው ቆዳ ላይ ተደላድለው፣ «እኔን የምታዩኝ ዝንብ ስላረፈብኝ ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

ወይዘሮ አደይ ተነሥታ፣ ባሏ ደበሌ ከአረቅጥ በላይ ካለው ጫካ ከአርበኞች ጋር እንደሆነ፣ ቄስ ሽባባውም ትናንት በገበያ መካከል «ዛሬ ወይም ነገ ስሙን እጠራዋለሁ» እንዳሏት ገለጸች። «አባ፣ ልጆቼን ክርስትና ያነሡ እርስዎ ነዎት። ባሌን ምን አርጌዎት ነው የሚወስዱብኝ?» ስትል ጠየቀች።

ቄሱ ሲመልሱ፣ ደበሌን የመጥራት ፍላጎት እንደሌላቸው፣ ነገር ግን አንዲት ትንሽ ጥያቄ እንዳላቸው ገለጹ። ጥያቄያቸውም ጉባኤው «ቄስ ሽባባው የጆሮ ጠቢው ጳጳስ ይሁኑልን» ብሎ ለቴኔንቴው አቤቱታ እንዲጽፍ ነው። ብረቱ ከሰማይ የወረደ በመሆኑ ጳጳስ እንደሚገባው፣ ጳጳሱም ቆብ፣ ጥላ ያዥና በቅሎ እንደሚገባው አብራሩ።

ሀጂ ሸረፋ፣ «እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ጳጳስ ልሾም?» አሉ።

ቄሱ፣ «ይህ ብረት ሃይማኖት የለውም፤ ፊርማ ብቻ ነው» ብለው መለሱ።

አቶ ሀብተወልድ፣ ነገሩ ከጽዳት ጉባኤ ሥልጣን ውጭ እንዳይሆን ስጋታቸውን ገለጹ። ሰብሳቢው፣ የከተማው ትልቁ ቆሻሻ ጉዳይ ስለሆነ በሥልጣናችን ሥር ነው ብለው ወሰኑ። ቄሱ «ማለፊያ» አሉ።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ማለትም ወይዘሮ አደይ በአባላቱ እግር ላይ ወድቃ «ፈርሙልኝ» ካለች በኋላ፣ የደበሌ ነፍስ እንድትተርፍ አቤቱታው እንዲጻፍ ተወሰነ።

ውሳኔ ፩፦ ቄስ ሽባባው ጳጳስ እንዲሆኑ ይጠየቅ።

አጀንዳ ፫፦ ስለ መከላከያ

አቤቱታው ሲጻፍ ሌላ ሐሳብ ያለው እንዲናገር ሰብሳቢው ዕድል ሰጡ። ሀጂ ሸረፋ ራሳቸው፣ ጆሮ ጠቢው እስላም ጠርቶ እንደማያውቅ አስታውሰው፣ አርበኞች ሁሉ ጣሊያን እስኪወጣ ወደ እኛ ሃይማኖት ቢመጡ በደስታ እንቀበላለን አሉ። አቶ ሀብተወልድ ጾም ስንት ቀን እንደሆነ ጠየቁ። ሠላሳ መሆኑ ሲነገራቸው፣ ከእኛ ይቀላል፣ ግን ሚስቴን ላማክር አሉ።

ቀጥሎ አንድ ሰው በቅዳሴ ቄሱ የሚጠሩበትን የክርስትና ስም ጆሮ ጠቢው ሥር ጠርቶ እንደነበር፣ ብረቱ ግን ዝም እንዳለ አቶ ሀብተወልድ አመለከቱ። ቄሱ ስቀው፣ «ሞኝ አገኛችሁ? በቅዳሴ የምጠራበት የውሸት ስም ነው» አሉ። አቶ ሀብተወልድ፣ ታዲያ እግዜር በየትኛው ነው የሚያውቅዎት ብለው ቢጠይቁም ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ነው ተብሎ ታለፈ።

በመጨረሻ አቶ ሀብተወልድ ክርስቲያን ሁሉ አንድ ዓይነት የክርስትና ስም እንዲይዝ፣ በዚህም ብረቱ ግራ እንዲገባው ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ ተደገፈ። እንደገና ማን ያጥምቀን የሚለው ሲነሣ፣ የሚያጠምቁት ቄስ ሽባባው ብቻ መሆናቸው ታወቀ።

በዚህ ጊዜ ቄሱ እስኪያስነባቸው ሳቁ። «እናንተ የዋሆች!» አሉ። «ስም ብቻ መሰላችሁ? የእናት ስም ካልተጨመረ ብረቱ አይሰማም። ባልቻን እንኳ ስጠራው ‹የዓለምዘውድ ልጅ› እስክል ድረስ ዝም ብሎኝ ነበር።»

ወይዘሮ ዓለምዘውድ እስከዚህ ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም ነበር። አሁን፣ «መስቀልህን ይዘህ ‹ባልቻን አልጠራሁትም› ብለህ ምለህልኝ አልነበር?» አሉ።

ቄሱ የተናገሩት ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ ጠየቁ።

«እናታችን አራስ ቤት ሆና ወደ ጥምቀቱ የወሰድኩህ እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ዓለምዘውድ። «በቡላ ገንፎ ያሳደግኩህ እኔ ነኝ። ልጄ ‹አጎቴ› እያለ ነበር የሚሮጥልህ።»

ቄሱ ይህ የቤተሰብ ጉዳይ ስለሆነ ወደ ሌላ ስብሰባ እንዲተላለፍ ጠየቁ። ሰብሳቢው ለድምፅ አቀረቡ። ከጠያቂው በስተቀር እጁን ያነሣ አልነበረም።

ውሳኔ ፪፦ የተነገረው አይሰረዝ።

ቄሱ ተቆጥተው፣ እንዲያውም አቤቱታው ላይ «ብፁዕ» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ይግባ ብለው ከጸሐፊው ጋር ክርክር ጀመሩ። እርሳቸው በወረቀቱ ላይ እንዳጎነበሱ ወይዘሮ ዓለምዘውድ ወደ ወይዘሮ አደይ ተጠግተው በጆሮዋ አንሾካሾኩ። የተባለውን ጸሐፊው አልሰማም። ቢሰማም አይጽፈውም። ወይዘሮ ዓለምዘውድ ተናግረው ሲጨርሱ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ መጥፎ ነገር እንደቀመሰ ሰው ጠረጉ።

ወይዘሮ አደይ ሽቦውን ለሚጠብቀው የጣሊያን ወታደር፣ ለሹምባሹ፣ ቆጮ ላድርስ ብላ ፈቃድ ጠየቀች። እንጀራዋ ስለሆነ ተፈቀደላት። ስትወጣ በቀስታ ነበር፤ ከበሩ ካለፈች በኋላ ግን የሩጫዋ ኮቴ ተሰምቷል።

አጀንዳ ፬፦ ልዩ ልዩ

የምዕራብ ፀሐይ በበሩ ገብታ የአባላቱን ጥላ በቆዳው ክምር ላይ ዘርግታ ነበር። ቄስ ሽባባው ሦስተኛ «ብፁዕ» ሲያስጽፉ፣ ጥላቸው እጁን ከጸሐፊው ትከሻ ላይ አንሥቶ ቀና አለ። ከዚያም ከእግራቸው ተላቆ በበሩ ወጣ።

ቄሱ አዩት። በመጀመሪያ፣ «ይሄ የማን ነው?» አሉ። ቀጥሎ እግራቸው ሄደ። በበሩ መቃን በሁለት እጃቸው ተንጠልጥለው፣ «ያዙኝ! ሰው ሁሉ ያዙኝ!» ሲሉ ጮሁ።

ሰብሳቢው፣ ቄሱ ይያዙ የሚል ሐሳብ ቀርቧል፣ የሚደግፍ አለ? ብለው ጠየቁ። አቶ ሀብተወልድ ጣራውን አዩ። ጸሐፊው ድምፅ የለውም።

የተነሡት ወይዘሮ ዓለምዘውድ ናቸው። ሮጠው የወንድማቸውን ጋቢ ከኋላ ያዙ። «ሽባባው! ሽባባዬ! ተመለስ!» አሉ። ቄሱም ዞረው፣ «እታለም፣ አንቺ ነሽ?» አሉ። ጋቢው በእህታቸው እጅ ቀረ፤ ሰውየው ሄዱ።

ትንሽ ቆይቶ ወይዘሮ አደይ ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች። ደበሌን የሚጠራ እንግዲህ እንደሌለ ለጉባኤው አስረዳች። ልታመሰግን ወደ ወይዘሮ ዓለምዘውድ ሄዳ ጋቢውን ስታይ አጠገባቸው ተቀመጠች።

ሀጂ ሸረፋ፣ የዛሬው ቀን ለከተማው ትልቅ ድል መሆኑን በመግለጽ፣ የወይዘሮ ዓለምዘውድ ሥራ በክብር እንዲመዘገብ ሐሳብ አቀረቡ። አቶ ሀብተወልድ ደገፉ።

ወይዘሮ ዓለምዘውድ፣ «አይጻፍ» አሉ። «ልጄን ወንድሜ ሰጠው፤ ወንድሜን እኔ ሰጠሁት። አንዱን እኔ አውቃለሁ፤ ሁለተኛውን ወረቀት አይወቅብኝ።»

ሰብሳቢው ሌላ ሐሳብ ያለው እንዳለ ጠየቁ። አልነበረም።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ከላይ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠር። ጵጵስና አልተጠየቀም። የተነገረ ነገር የለም፤ ስለዚህ የሚሰረዝም የለም። ማንም ማንንም አልጠራም። ጉባኤው ዛሬ የተነጋገረው ስለ ዝንብ ብቻ ነው። ይህም ወረቀት ከቆዳው ክምር ሥር ይግባ።

በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ጉባኤው በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ተበተነ። ሀጂ ሸረፋ ቁልፍ ይዘው በር ላይ ቆሙ፤ ወይዘሮ ዓለምዘውድ ግን ጋቢውን ታቅፈው ስላልተነሡ፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከትተው እርሳቸውም ተመልሰው ተቀመጡ።